አልትራሳውንድ ነክቶ የማያውቅን ሰው በስልክ እየመራን ሳንባ እንዴት እናያለን?

ባለፈው ክረምት ማታ ከአንድ ጤና ጣቢያ ተደወለልኝ። አንድ አባት ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ኤክስሬይ የለም። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ የመጣ በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ግን አለ። ተረኛዋ ሲስተር ፕሮብ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን ክፍል፣ ጨብጣ አታውቅም። ቪዲዮ ከፈትንና "በይ ጫኚ" አልኳት። እሷም ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነች፣ ምስሉ ደርቆ ቀረ። እኔ ለካ ፕሮቡን ደረታቸው ላይ ጫን አድርጊው ማለቴ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለስክሪን "ንኪ"፣ ለፕሮብ "ጫን አድርጊ" እላለሁ፤ ስልኩ ላይ ወሬ ከመጀመራችን በፊትም ቃላቱን እንስማማለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ማይክ ፊንክና ጌናዲ ፓዳልካ የጠፈር ጣቢያው ላይ ሆነው አንዱ የሌላውን ትከሻ በአልትራሳውንድ አንስተዋል። ሁለቱም ሐኪም አይደሉም። የሚመሯቸው ባለሙያዎች ምድር ላይ ነበሩ። ሳንባ ደግሞ ከትከሻ ይቀላል፣ ምክንያቱም ሐሞት ከረጢት ፈልጎ እንደማግኘት አይደለም፤ ደረት ላይ የትም ብታሳርፉት ከሥሩ ሳንባ አለ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን ኦክስጅን። በሽተኛው እየታፈነ ኔትወርክ ስናስተካክል መቆየት የለብንም። መተኛት ካልቻሉ ደግሞ አታስተኟቸው፣ ቁጭ እንዳሉ ይታያሉ።

ሁለት ስልክ ቢገኝ ደስ ይላል። አንዱ ስክሪኑን ያሳየኛል፣ አንዱ እጇን። አንድ ብቻ ካለ እጇን አስቀድማለሁ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ፕሮቡ አንድ ጎኑ ላይ ምልክት አለው። በካሜራ ስለማይታይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ፕላስተሩ ሁልጊዜ ወደ ራስ ይዞራል፣ አለቀ። ማሽኑ የሳንባ ምርጫ ካለው እሱ ይነካ፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ይሁን። ጄል አይሰሰትም። ግን ይቀዘቅዛል፣ "አባባ ትንሽ ይቀዘቅዝዎታል" ይባል። ሴት ከሆነች በነጠላ ሸፈን ተደርጋ የሚታየው ቦታ ብቻ ይገለጥ፤ ካሜራውም ፊቷን አያሳይ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አፋችን እንምጣ። "ቀኝ" እና "ግራ" አትበሉ። የማን ቀኝ? የሷ፣ የበሽተኛው፣ የስክሪኑ? "ወደ ራስ፣ ወደ እግር፣ ወደ ጡት፣ ወደ ጀርባ" በሉ። "ትንሽ" የሚባል ልኬትም የለም፤ "የአንድ ጣት ስፋት" በሉ። አንዴ "ወደ 3 ሰዓት አዙሪው" ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። የእጅ ሰዓት 9 ላይ ሲያመለክት 3 ሰዓት የምንል ሰዎች ነንና በተቃራኒው አዞረችው። የሰዓት ምሳሌ እኛ ሀገር አይሠራም።

እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ይታዘዝ። "አንሸራቺ" ስል ፕሮቡ ቦታ ይቀይራል። "ዘንበል አድርጊ" ስል ከቆዳው ሳይነሳ ጭራው ብቻ ይጋደማል። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ካዘዛችሁ ሦስተኛ ነገር ታደርጋለች። ምስሉ ዘግይቶ ስለሚደርስ አዝዛችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ጥሩ ምስል ሲመጣ "እዚያው! አትንቀሳቀሺ" በሉ፤ "በጣም ጎበዝ" ካላችሁ ተደስታ እጇን ታነሳለች፣ ደርሶብኛል።

ቦታ ለማስያዝ የፈረንሳዊው ሐኪም የዳንኤል ሊክተንስታይን ዘዴ ለስልክ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። እንዲህ እላለሁ፦ "ሲስተር፣ ሁለት እጅሽን አንዱን ከአንዱ ሥር አስጠግተሽ ደረታቸው ላይ አጋድሚ፣ አውራ ጣት አይቆጠርም። የላይኛው እጅሽ ትንሿ ጣት ከአንገት በታች የሚዳሰሰውን አጥንት ትንካ።" የላይኛው እጅ መሀል አንድ ቦታ ነው፣ የታችኛው መዳፍ መሀል ሁለተኛው። እጇ ከበሽተኛው እጅ በጣም ካነሰ ይታሰብበት። ከዚያ በብብት በኩል ሁለት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ የጀርባው ታችኛው ጎን፣ ምክንያቱም ውኃ ካለ ወደዚያ ይወርዳል። ከዚያ ሌላውን ጎን። በግራ ልብ ከመጣባችሁ የአንድ ጣት ስፋት ወደ ጀርባ ውጡ።

ስለ በሽታ አትንገሯት፣ ስለ ምስል ብቻ። "ሁለት ጥቁር ጥላ ፈልጊ። የጎድን አጥንቶች ናቸው። በመሀላቸው ነጭ ክር አለ?" ክሩ ጭጋጋም ከሆነ ዘንበል ይደረግ። ከተገኘ በኋላ በሽተኛው ሲተነፍሱ ክሩ ወዲያ ወዲህ መንሸራተቱን እዩ። የማይንሸራተት ከሆነ አየር ሳንባውን ገፍቶት ይሆናል፣ ግን በዚያ ብቻ አትፍረዱ፤ የተጣበቀ ሳንባም አይንሸራተትም።

ከክሩ በታች እኩል ርቀት ያላቸው አግዳሚ መስመሮች ከተደረደሩ ሳንባው አየር አለው። ከክሩ ተነስቶ እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርድ፣ እንደ ባትሪ ብርሃን ያለና ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ ነጭ ጨረር ካለ ይቆጠር። በአንድ የጎድን መሀል 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባው ረጥቧል። በሁለቱም ጎን ከተሰራጨ ልብን አስቡ፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የሳንባ ምችን አስቡ። ጀርባ ላይ ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ ጥቁር ባዶ ካያችሁ ውኃ ነው፣ እኛ ሀገር ደግሞ ቲቢ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

የዚያን ማታ አባት በሁለቱም ጎን ጨረር ሞልቶ ነበር። ሲስተር "ዶክተር፣ ይሄ ነጩ ዝናብ ምንድን ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ "ዝናብ" ነው የምንለው፣ ለአዲስ ሰው "ቢ-ላይን" ከሚለው የመጽሐፉ ስም ይሻላል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቀጥታውን ተዉት። በየቦታው የ6 ሰከንድ ቪዲዮ ትቅረጽና በቴሌግራም እንደ ፋይል ትላክ፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቅና ክሩ ይጠፋል። ስም አይጻፍበት። የበሽተኛው ቀኝ ላይኛው "ቀ1"፣ ቀጥሎ "ቀ2"፣ ግራው "ግ1" እየተባለ ይሰየም፤ አንዴ ያለ ስም 10 ቪዲዮ ተልኮልኝ የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ መልሰን ከመጀመሪያው አንስተናል። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ፕሮቡ አምራቹ በፈቀደው ነገር ይጠረግ፣ ፕላስተሩ ግን እንዳለ ይቆይ፣ ነገ ሌላ ተረኛ አለ።