ከስትሮክ በኋላ ቤት የገባን ታማሚ ሆድ እንዴት ማስተካከል ይቻላል

ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ሲገባ ሁሉም የሚያየው እጅና እግሩን ነው፤ ሆዱ የሚታወሰው ከደረቀ በኋላ ነው። ብዙ መተኛት፣ ትንሽ መጠጣትና አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በተለይ ኮዴይንና ትራማዶልን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ አንጀትን ያዘገያሉ። አንደበቱ የተያዘ ታማሚ ደግሞ ሲመጣበት መናገር አይችልም።

በመጀመሪያ ደብተር ይያዙ። ሰገራ የወጣበትን ቀንና ሰዓት፣ መድረቁን ወይም መቅጠኑን ይጻፉ።

ዋናው ሥራ ሰዓት ማስለመድ ነው። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃል፤ ይህም ጠዋት ይበረታል። ስለዚህ ከቁርስና ሞቅ ካለ መጠጥ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው፣ መጣብኝ ባይልም፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት መጸዳጃ ላይ ያስቀምጡት። እግሩ እንዳይንጠለጠል፤ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ እንዲል ከእግሩ ሥር 20 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ መርገጫ ያድርጉ። ከፊቱ ትራስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ያቅርቡና ወደ ፊት ደገፍ ይበል፤ የዛለው ክንዱም እዚያው ይረፍ። ብቻውን ቀጥ ብሎ መቀመጥ ካልቻለ አጠገቡ ይሁኑ። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ካልወጣ ያንሱትና ነገ ይድገሙት። አምጦ እንዲያወጣ አይገፋፉት፣ ማማጥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ልማዱ እስኪይዝ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ አብዛኛው አስታማሚ የሚተወው ከዚያ በፊት ነው።

መቀመጥ ለሚችል ሰው ቤድፓን (አልጋ ላይ ከሥር የሚገባ መጸዳጃ ዕቃ) አይመከርም፤ በጀርባ ተኝቶ መጸዳዳት ለጤነኛም ይከብዳል። የእጅ መደገፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት የመጸዳጃ ወንበር ይሻላል። ወንበሩን በጤነኛው ጎኑ በኩል ያስጠጉ።

ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ፈሳሽ ካልከለከለ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይጠጣ። አትክልት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ያለ ውሃ ግን ድርቀቱን ያብሱታል። መዋጥ ለሚቸግረው የፓራፊን ዘይት በአፍ አይስጡ፣ ትን ብሎት ሳንባ ሊገባ ይችላል። ማክሮጎል የተባለው የሰገራ ማለስለሻም ትን እንዳይለው በስታርች የወፈረን መጠጥ መልሶ ስለሚያቀጥን፣ ሁለቱን ከመቀላቀልዎ በፊት ፋርማሲስት ይጠይቁ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ተቅማጥ የሚመስለው ነው። ለቀናት ሳይወጣ ቆይቶ ቀጭን ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ የሚያመልጠው ከሆነ፣ ታች የደረቀ ሰገራ ተቆልሎ ፈሳሹ በጎኑ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። የተቅማጥ ማቆሚያ እንደ ሎፔራሚድ መስጠት መዝጊያውን ያጠብቀዋል። ደብተሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በጣት ለማውጣትም አይሞክሩ፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይደማል። ጤና ባለሙያ መርምሮ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ወይም ሌላ ያዛል።

3 ቀን ካልወጣ ለሐኪሙ ይደውሉ። ሆዱ ከተነፋና ካስመለሰው፣ ፈስ ከቆመ፣ ደም ከታየ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።