በአፉ ሊቅ፣ በወረቀት ግን ደካማ፦ ልጃችሁን የሥነ ልቦና ምዘና እንዴት ታስወስዳላችሁ?

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስቡ። ስለ ኮከቦች ጠይቁት፣ ግማሽ ሰዓት ያወራላችኋል። ኮከብ ሲሞት ምን እንደሚሆን፣ ብርሃን ከብላክ ሆል ለምን ማምለጥ እንደማይችል በራሱ ምሳሌ ያስረዳል። "እስቲ ይህንኑ ጻፈው" ሲባል ግን እርሳሱን ጭምድድ አድርጎ ይይዝና ያቀረቅራል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስት የተንጋደዱ ቃላት ናቸው። አንዱ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። መምህሩ "ሰነፍ ነው" ይላል፤ እናቱ "ኧረ ልጄስ ጎበዝ ነው" ትላለች።

እንዲህ ያለ ልጅ ልዩ ተሰጥኦና የመማር ችግር አብረው ሊኖሩበት ይችላሉ። አስቸጋሪው ነገር አንዱ ሌላውን መሸፈኑ ነው። ልጁ ማንበብ ሲያቅተው ከሥዕሉና ከወሬው ገምቶ ያልፋል፤ ስለዚህ ችግሩ አይታይም። ጽሑፉን ስለሚያዝረከርክ ደግሞ ተሰጥኦው አይታይም። ውጤቱ መካከለኛ ይሆንና ማንም ልብ ሳይለው ክፍል ይቆጥራል። ምዘናው የሚያስፈልገው ይህን ለመግለጥ ነው።

1. መጀመሪያ ማስታወሻ ያዙ

ለሁለት ሳምንት ያህል ያያችሁትን ጻፉ። "ሰነፍ"፣ "ደንታ ቢስ" ብላችሁ አትጻፉ፤ የሆነውን ብቻ አስፍሩ። ለምሳሌ፦ "ታሪኩን ሳነብለት ጥያቄውን ሁሉ መለሰ። ራሱ ሲያነበው ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋበት።" ይህች አጭር ማስታወሻ ለባለሙያው ከብዙ ሮሮ ትበልጣለች። የደብተር ገጾችን፣ የክፍል ውጤቶችንና ልጁ በራሱ ፍላጎት የሠራቸውን ነገሮችም ሰብስቡ።

2. ዓይንና ጆሮ ይታይ

ይህን አትዝለሉ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ትኩረት የሌለው ይመስላል።

3. ባለሙያውን ጠይቁ

ልጆችን የመመዘን ሥልጠና ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጉ። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የአእምሮ ችሎታን ብቻ ነው የሚለኩት ወይስ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብንም? ተሰጥኦና የመማር ችግር አብረው ያሉበት ልጅ መዝነው ያውቃሉ? መልሱ "አይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ቁጥር) ብቻ ይበቃል" ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ የአይኪው ፈተናዎችማ ለዚህ ጉዳይ አይሆኑም። ልጁ በቤት የሚናገረው ቋንቋ ፈተናው ከሚሰጥበት የተለየ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በቃላት የሚለካው ክፍል ከእውነተኛ ችሎታው ሊያንስ ይችላል።

4. ልጁን አታስጠኑት፣ አረጋጉት

ጥያቄዎቹን ፈልጎ ማለማመድ ውጤቱን ያበላሻል። እንዲህ በሉት፦ "አንድ ሰው ጋ ሄደህ እንቆቅልሽና ጥያቄ ትሠራለህ። አንዳንዱ በጣም ይከብዳል፣ ሁሉንም የሚመልስ ልጅ የለም። ጭንቅላትህ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈልገን ነው።" በደንብ ተኝቶ፣ በልቶና መነጽር ካለው አድርጎ ይሂድ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በዚያ ቀን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ባለሙያውን ጠይቁ።

5. ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

በብዛት ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ ለልጆች የተዘጋጀው የዌክስለር ፈተና ነው። አምስተኛው እትም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጁ ቀይና ነጭ ኩቦችን አገጣጥሞ በሥዕል የታየውን ቅርጽ ይሠራል። የተነገሩትን ቁጥሮች ከኋላ ወደፊት ይደግማል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ምልክት ይገለብጣል። ያ ወሬኛ ልጅ የሚንገዳገደው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ እያሰበ ሳለ እጁ ወደኋላ ይቀርበታል።

ጥሩ ባለሙያ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ይመዘግባል። ልጁ ሲከብደው ተስፋ ቆረጠ ወይስ ሌላ መንገድ ሞከረ? መልሱን እያወቀ ሰዓት አለቀበት? ከዚያ የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ፈተናዎች ይከተላሉ። እናንተና መምህሩ የምትሞሉት መጠይቅም ይኖራል። ልጁ ከደከመው በሌላ ቀን ይቀጥል።

6. አንዱን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትውጡ

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የአይኪው አማካይ 100 ነው። 130 እና ከዚያ በላይ የሚያመጡት 2 በመቶ አካባቢ ናቸው፤ ብዙ ቦታም የተሰጥኦ መስመር የሚሰመረው እዚያ ላይ ነው። አሁን የልጃችን ሪፖርት እንዲህ ቢሆንስ? በቃላት ማሰብ 138፣ በቅርጽ ማሰብ 132፣ አዲስ ችግር መፍታት 130፣ ጊዜያዊ ትውስታ 97፣ ፍጥነት 85። ጠቅላላው ቁጥር ከ130 በታች ይወርድና "ተሰጥኦ የለውም" ተብሎ ይመለሳል። ይህ በደል ነው። ልጁ በሐሳብ ሩቅ የሄደ፣ በፍጥነት ግን ከአማካዩ በታች የሆነ ልጅ ነው፤ ድምሩ ሁለቱንም ይደብቃል።

ስለዚህ ባለሙያውን "ትውስታና ፍጥነት ሳይገቡበት አጠቃላይ ችሎታው ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ራሱን የቻለ ስሌት አለ። በውጤቶቹ መካከል ክፍተት ስላለ ብቻ ግን ልጁ ዲስሌክሲያ (የንባብ ችግር) ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ማለት አይደለም። ከንባብ ፈተናው፣ ከማስታወሻችሁና ከመምህሩ መጠይቅ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ሪፖርቱ ላይ "98ኛ ፐርሰንታይል" ካያችሁ ደግሞ ከመቶው ጥያቄ 98ቱን መለሰ ማለት አይደለም፤ ከመቶ እኩዮቹ 98ቱን ያህል በልጧል ማለት ነው።

7. ወደ ሥራ ለውጡት

ምክሩ "ድጋፍ ያስፈልገዋል" ብቻ ከሆነ አትቀበሉ፤ ምን፣ መቼ፣ በማን የሚለው ይጻፍ። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ በቃል መመለስ፣ በኪቦርድ መጻፍ። ከዚያው ጎን ለጎን ለጭንቅላቱ የሚመጥን ከበድ ያለ ትምህርት ይሰጠው። "መጀመሪያ ንባቡ ይስተካከል" ብሎ የሚወደውን መንፈግ ልጁን ይሰብረዋል።

ለልጁም ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ ቁጥሩ ይቅር። "ሐሳብህ ፈጣን ነው፣ እጅህ ደግሞ ቀስ ይላል። ለእጅህ መላ እንፈልግለታለን" ይበቃዋል። ዋናውን ሪፖርት ቤት አስቀምጡ፣ ለትምህርት ቤቱ ኮፒ ስጡ። ያንኑ ፈተና በጥቂት ወራት ውስጥ አታስደግሙት፤ ጥያቄዎቹን ስለሚያስታውስ ውጤቱ ከፍ ብሎ ያሳስታል።