የፋብሪካ ማሽን የማስጠንቀቂያ መብራት እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይተከላል?

በውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራቶች የተደራረቡበት ምሰሶ በማሽን ላይ እንዲተከል ሲታሰብ፣ ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ካታሎግ በማገላበጥ ነው። መነሻው ግን መብራቱን ማየት ያለበት ሠራተኛ የሚውልበት ቦታ ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ ይህንን ቦታ ይለዩ፤ እስከ ማሽኑ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ በመካከሉ የሚከልል ቧንቧ ወይም የተደረደረ ካርቶን መኖር አለመኖሩንም ያጣሩ። ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚቀንስ፣ 10 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚደርሰው ብርሃን በ5 ሜትር ላይ ካለው ሰው ግማሽ ሳይሆን ሩብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ፀሐይ በመስኮት ወይም በጣሪያ በኩል በምትገባበት ሰዓት ቦታውን ይመልከቱ፤ ይህን እርምጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ነጭ ብርሃን የሁሉም ቀለማት ድብልቅ ሲሆን፣ ቀይ ፕላስቲክ ቀዩን አሳልፎ ሌላውን ውጦ ያስቀራል። ስለዚህ የፀሐይ ጨረር በቀይ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ከውስጠኛው መስታወት ሲንጸባረቅ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ያልበራው መብራትም የበራ ይመስላል። ኤልኢዲ ግን ቀለሙን ራሱ ስለሚያመነጭ ባለቀለም ሽፋን አያስፈልገውም። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ሽፋን ያለውን ኤልኢዲ መምረጥ ይሻላል።

ቀለማቱን እንዳሻዎት አይደርድሩ። አይኢሲ 60204-1 የተባለው ዓለም አቀፍ የማሽን ደኅንነት ደረጃ ቀዩን ለአደጋ፣ ቢጫውን ከተለመደው ውጭ ለሆነ ሁኔታ፣ አረንጓዴውን ለትክክለኛ አሠራር የመደበ ሲሆን፣ ቀዩ ከላይ፣ ቢጫው ከሥሩ፣ አረንጓዴው ደግሞ ከእነርሱ በታች እንዲሆን ይመክራል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት ስላልሆኑ፣ የቦታ ቅደም ተከተሉ ለእነርሱ ከቀለሙ የበለጠ ይነግራቸዋል። ሌላም ነገር አለ፤ በቀን ብርሃን ዓይናችን ይበልጥ የሚነቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ላለው አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን እንጂ 620 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነው ቀይ አይደለም። ስለሆነም አረንጓዴው ከሩቅ በደንብ ታየ ማለት ቀዩም ይታያል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ መፈተሽ ግድ ነው።

ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ለጥሪ፣ ሳያቋርጥ የሚበራው የማሽኑን ሁኔታ ለማሳየት ይዋል። የዓይናችን ጠርዝ ቀለምን በደንብ ባይለይም ለውጥን ፈጥኖ ይይዛል። በሰከንድ 1 ወይም 2 ጊዜ መብለጭለጭ ይበቃል፤ ከ3 በላይ ሲሆን ለብርሃን ብልጭታ ስሱ የሆነ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ወደ ገመዱ ሲያልፉ ዋናውን ኃይል አጥፍተው ማብሪያውን ይቆልፉ፤ ይህንንም ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉ። ብዙዎቹ መብራቶች በ24 ቮልት ዲሲ የሚሠሩ ሲሆን፣ አንድ የጋራ ገመድና ለየቀለሙ አንድ አንድ ገመድ አላቸው። የጋራው ገመድ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ከፒኤልሲው (ማሽኑን ከሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) መውጫ ጋር ያመሳክሩ። መብራቱ ጠፍቶ መሆን ሲገባው ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ የመውጫው ትንሽ የሾለከ ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲው በቅቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመብራቱ ጋር ትይዩ የሚገባ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) መፍትሔ ይሆናል።

በመጨረሻም ሠራተኛው በሚውልበት ቦታ ቆመው፣ ፀሐይ በምትገባበት በዚያው ሰዓት ሦስቱንም በየተራ ያብሩ። ቀዩ ቶሎ ዓይን ውስጥ ካልገባ ምሰሶውን ከፍ ያድርጉ፤ ሠራተኛው ጀርባውን ሰጥቶ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የድምፅ ማስጠንቀቂያ ይጨምሩበት።