ፋክተራይዝ ካደረጋችሁ በኋላ 1ን አስገቡ

ትናንት ደሴ፣ የእህቴን ልጅ ሳስጠና ነው። 6ኤክስ² + 11ኤክስ + 4ን ፋክተራይዝ ስታደርግ፣ ማለትም ወደ ሁለት ቅንፎች ብዜት ስትቀይር፣ (2ኤክስ + 4)(3ኤክስ + 1) ብላ ጨረሰች። የፊቱ (6ኤክስ²) እና የኋላው (4) ስለገጠመላት ገጹን ልትገልጥ ነበር።

"ቆይ የኔ ቆንጆ፣ በኤክስ ቦታ 1 አስገቢ" አልኳት። ጥያቄው 21 ሆነ። የእሷ መልስ ግን 6 × 4፣ 24!

እንደገና ጀመርን። የጥያቄውን የፊት 6 በኋላው 4 ስናባዛ 24 ነው። ተባዝተው 24፣ ተደምረው 11 የሚሆኑት 8 እና 3 ናቸው። ስለዚህ መሃሉን ሰነጠቅነው፦ 6ኤክስ² + 8ኤክስ + 3ኤክስ + 4። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 2ኤክስን ስታወጣ (3ኤክስ + 4) ቀረ፤ ቀጣዮቹም ያው ናቸው። መልሱ (2ኤክስ + 1)(3ኤክስ + 4)። 3 × 7፣ 21።

ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የፊቱና የኋላው መግጠሙን እዩ። እነሱ ከገጠሙ፣ በ1 ስትሞክሩ የሚቀረው የመሃሉ ብቻ ነው።