ሩም ኮሬክሽን ከገባ በኋላ ስፒከሩ «ሽሽሽ» ካለ

ሩም ኮሬክሽን ማለት የክፍሉን ድምፅ በማይክ ለክቶ የሚያስተካክል ሶፍትዌር ወይ ሳጥን ነው። እሱ ከገባ በኋላ ስፒከሩ ጫጫታ ካመጣ፣ ኬብል አጥብቃችኋል፣ ሶኬት ቀይራችኋል፣ አጥፍታችሁ አብርታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ድምፁን እንለይ። «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ከመብራት የሚመጣ ነው፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እሱን ወይ እጥፉን 100ን ትሰማላችሁ። እሱ የግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ጣጣ ነው፣ ራሱን የቻለ ወሬ አለው። ብቻ የግራውንድ ሽቦውን ቆርጣችሁ «ዳነልኝ» እንዳትሉኝ። ሰው ይገድላል።

ከትዊተሩ (ቀጭን ድምፅ ከሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የሚወጣ፣ ዝናብ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ከሆነ ግን እዚሁ ቆዩ።

ሙዚቃውን አቁማችሁ ቮሊውሙን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ድምፁ አብሮ ከጨመረ ምንጩ ከቮሊውሙ በፊት ነው፣ ማጫወቻው ወይ ዳኩ (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው) ጋ። ካልተለወጠ ከቮሊውሙ በኋላ ነው። አሁን ስፒከሩን የሚነዳውን ፓወር አምፑን አጥፉ (አጥፉ ብያለሁ!)፣ ሲግናል የሚያስገቡትን የአርሲኤ ገመዶች ከአምፑ ንቀሉ፣ አብሩት። አሁንም «ሽሽሽ» ካለ አምፑን ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ጭጭ ካለ ግን የምጠራበት ቤት ሁሉ በሽታ ነው፦ ቮሊውሙ ባለበት በፕሪአምፑና በፓወር አምፑ መሃል የተቀመጠችው፣ ሩም ኮሬክሽኑን የምትሠራው የዲኤስፒ ሳጥን። የሷ አውትፑት ሙዚቃ ኖረም አልኖረም ትንሽ የራሱ ጫጫታ አለው። ቮሊውሙ ከሷ በፊት ስለሆነ ሙዚቃውን በ40 ዴሲቤል ያህል ልትቀንሱት ትችላላችሁ፣ ጫጫታዋን ግን ማንም አይነካትም፣ አምፑ እንዳለች አጉልቶ ይሰጣችኋል። ስፒከሩ ሆርን (ጡሩምባ መሰል አፍ) ያለው፣ በአንድ ዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ባለ 85ቱ ላይ የማይሰማው እዚህ ይጮሃል።

አንድ ደንበኛዬ በዚህ ምክንያት ኬብል ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ሁለተኛው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ ነበር፣ ዋጋውን ሲነግረኝ ተቀመጥኩ። ሻጩ «ልዩነቱን ማታ ላይ ትሰማዋለህ» ብሎታል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጋቢውን ለብሶ ሲቀመጥ የሰማው ያንኑ «ሽሽሽ» ነው። ገመድ ይህን ጫጫታ አያጠፋም!

ያዳነው አምፑ መግቢያ ላይ የገባ 12 ዴሲቤል የሚቀንስ አቴንዌተር (ሲግናል የሚያሳንስ ትንሽ እቃ) ነው። ብየዳ የምትችሉ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በመስመሩ፣ 3.3 ኪሎ ኦም ወደ ሲግናሉ ግራውንድ አድርጋችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ይህ ለአርሲኤ ነው፤ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ) ከሆነ የተዘጋጀውን ግዙ። አምፑ ላይ የጌይን (የማጉያ መጠን) ማዞሪያ ካለ ግን ምንም አትግዙ፣ እሱን ዝቅ አድርጉ። ልኩ አንድ ነው፦ የምትሰሙት ትልቁ ድምፅ ላይ ቮሊውሙ ወደ ላይኛው ጫፍ መጠጋት አለበት።

ሌላው ምክንያት ሰው ራሱ የሚያመጣው ነው። የሩም ኮሬክሽኑ ሶፍትዌር 70 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ (ድምፁ የሚያንስበት ቦታ) ያሳየዋል፣ እሱም በ10 ዴሲቤል ይሞላዋል። ሲግናሉ እንዳይቆረጥ ሶፍትዌሩ ሙሉውን ድምፅ በ10 ይቀንሳል፣ ሰውየው «ድምፁ አነሰ» ብሎ አምፑን ከፍ ያደርጋል፣ ጫጫታውም አብሮ ይመጣል። ያ ጉድጓድ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ የሠራው ከሆነ ብትሞሉትም አይሞላም። ስፒከሩን ትንሽ አንቀሳቅሱት። ፊልተሩ ጉብታ (ድምፁ የሚበዛበትን) ይቁረጥ፣ ጉድጓድ አይሙላ።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ቻርጀሩ ነው።

አቴንዌተሩ ትልልቆቹ ስፒከሮች ላይ ብቻ ከገባ ሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) በ12 ዴሲቤል ይበልጣቸዋል፣ ስለዚህ የመለኪያ ማይኩን አውጥታችሁ እንደገና ለኩ። አቴንዌተሩን ስታወጡ ደግሞ ቮሊውሙን አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ፣ ትዊተር ተቃጥሎብኝ አውቀዋለሁ። ጆሯችሁን ትዊተሩ ላይ ብትለጥፉ ትንሽ ነገር መስማታችሁ አይቀርም። ከሶፋው ካልተሰማ ተዉት።