ኮላጅን ከመግዛታችሁ በፊት ሰውነታችሁ ራሱ እንዴት እንደሚሰራው እወቁ

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ኮስሞቲክስ ቤት ስትገቡ ኮላጅን የሚል ዱቄት በየመደርደሪያው አለ፣ ዋጋው ደሞ አይጠየቅም። ኮላጅን ማለት ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጠንክሮ ሚይዝ ፕሮቲን ነው። ወጣቶቹ ለፊት ትልልቆቹ ለጉልበት እያሉ ይገዙታል። እኔ ምለው ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ሰውነታችሁ ኮላጅኑን እንዴት እንደሚሰራ እዩ፣ ምክንያቱም ጥንካሬው ያለው አሰራሩ ላይ ነው፣ ለአሰራሩ ሚያስፈልገው ደሞ አብዛኛው ጓዳችሁ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ በአይናችሁ እዩት። የዶሮ እግር አጥንት ስጋውን አጽዱና አቼቶ ውስጥ ሶስት አራት ቀን ዘፍዝፉት፣ መሀል ላይ አቼቶውን ቀይሩለት። ስታወጡት ሳይሰበር ይተጣጠፋል። አሲዱ ካልሲየሙን ስላሟሟው ነው፣ የቀረው ተጣጣፊ ነገር በአብዛኛው ኮላጅን ነው። ሌላ አጥንት ፍም ውስጥ ከታችሁ በደንብ ብታቃጥሉት ግልባጩ ይሆናል፣ ኮላጅኑ ይነድና ቅርጹን እንደያዘ ጫን ስትሉት ይፈረፈራል። ከሰውነታችን ፕሮቲን ሲሶ ገደማው ኮላጅን ነው፣ ቆዳው ጅማቱ የደም ስሩ ሁሉ፣ ያ አያቶቻችን ሚተኙበት ጀንዲም ጠፍሩም ያው ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ሴሉ ውስጥ 1,000 ገደማ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ያለው ረጅም ሰንሰለት ይሰራል፣ በየሶስተኛው ቦታ ላይ ግላይሲን ሚባል ከሁሉም ትንሹ አለ፣ ሶስት ሰንሰለት አንድ ላይ ሲጠማዘዝ መሀል ላይ ያለችው ጠባብ ቦታ ምትበቃው ለሱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ወደ ግራ ይዞራል፣ ሶስቱ አንድ ላይ ደሞ ወደ ቀኝ ይገመዳሉ። ቃጫ ሲገመድ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ክሩና ገመዱ በተቃራኒ ካልዞሩ ሲስቡት ይፈታል። ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ራማቻንድራን ሚባል ህንዳዊ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሰንሰለቶቹ ከመጠማዘዛቸው በፊት ፕሮሊን ሚባለው አሚኖ አሲድ ብዙ ቦታ ላይ ኦክስጅን ይጨመርበታል፣ ይህን ሚሰራው ኢንዛይም (ሰውነት ውስጥ ስራ ሚያፋጥን ፕሮቲን) ብረት ይፈልጋል፣ ብረቱ እንዳይበላሽ ደሞ ቫይታሚን ሲ። ይሄ ካልሆነ ጥምዙ 24 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈታል፣ የኛ ሰውነት ደሞ 37 ነው፣ እንግዲህ አስቡት። ስከርቪ ሚባለው በሽታ ከዚህ ነው ሚመጣው፣ ድድ ይደማል፣ ድሮ የዳነ ቁስል ሳይቀር ይከፈታል። ጄምስ ሊንድ ሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 መርከብ ላይ 12 በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው ቶሎ የተነሱት ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ናቸው። ፍየሏ እንኳ ቫይታሚን ሲ በጉበቷ ትሰራለች፣ እኛ አንችልም (ባቲ ገበያ ፍየል ስትገዙ አስታውሱኝ)። ለአዋቂ ሴት በቀን 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ነው ሚመከረው።

ስለዚህ ስንግ ቃሪያ ብሉ። ቀልዴን አይደለም፣ እኩል ክብደት ብትመዝኑ የጥሬ ቃሪያ ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል፣ የዘይቱንም እንደዛው። ሎሚ ሾርባው ከወረደ በኋላ ጭመቁበት እንጂ አብራችሁ አታፍሉት፣ ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁ ቫይታሚኑንም ግማሽ በግማሽ ደፋችሁት ማለት ነው።

ጥምዙ ከሴሉ ሲወጣ ጫፍና ጫፉ ይቆረጥና ጎን ለጎን ይደረደራል፣ ግን ገና ልል ነው። ከዛ ሌላ ኢንዛይም መጥቶ ላይሲን ሚባለውን አሚኖ አሲድ እየያዘ አንዱን ከጎኑ ካለው ጋር ያስረዋል፣ ሲጎተት እንዳይንሸራተት ያደረገው ይሄ ማሰሪያ ነው። ቆዳ ሚያለፉ ሰዎችም በኮላጅኑ መሀል ተጨማሪ ማሰሪያ እያስገቡ ነው እንዳይበሰብስ ሚያደርጉት። ይሄኛው ኢንዛይም መዳብ ይፈልጋል፣ እሱ ጉበት ሰሊጥ ምስር ሽንብራ ላይ አለ። ላይሲን ማሽላ ላይ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ቆቦ አካባቢ ያላችሁ የማሽላ እንጀራውን በሽሮ ብሉት፣ ጾም ቢሆንም አብሽሩ ሽሮው ይሞላዋል።

ቅልጥሙስ ካላችሁ፣ ሾርባው ሲቀዘቅዝ ሚረጋው ጥምዙ የተፈታ ኮላጅን ነው፣ ጄላቲን ይሉታል። ስትጠጡት ሆድ ቆራርጦ አሚኖ አሲድ ያደርገዋል፣ ቀጥ ብሎ ጉልበታችሁ ላይ አይለጠፍም። ዱቄቱም ያው ነው፣ ለቆዳ ትንሽ ለውጥ ያሳዩ ጥናቶች አሉ ግን ብዙዎቹን የደጎሙት ሻጮቹ ናቸው። ከገዛችሁም ከምን እንደተሰራ ጽሁፉን አንብቡ፣ ከከብትና ከአሳ ሌላ ከአሳማም ይሰራል፣ ዝም ብሎ ኮላጅን ካለ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይተወው። ክሬሙን ተዉት፣ ኮላጅን በቆዳ አልፎ ለመግባት በጣም ትልቅ ነው።

ኦፕራሲዮን ወይ ትልቅ ቁስል የነበረባችሁ ደሞ ላዩ ደርቋል ብላችሁ ከባድ አትሸከሙ። በሶስት ሳምንት ጥንካሬው ከድሮው ሩብ እንኳ አይሞላም፣ ማሰሪያው ለወራት ነው ሚሰራው፣ ያም ሆኖ 80 ፐርሰንት ላይ ይቆማል። ጅማት ግን ተቃራኒ ነው፣ ህመሙ ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ካልጫናችሁበት እየሰነፈ ይሄዳል።

ጸሐይና ሲጋራ የተሰራውን ያፈርሳሉ፣ ደሴ ደሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ብርዱ አያታላችሁ፣ ጃንጥላ ያዙ። የቫይታሚን ሲ ክኒን በላይ በላዩ መዋጥ አያስፈልግም፣ በቀን 2,000 ሚሊግራም ካለፈ ሆድ ያስቀምጣል፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደሞ ሐኪም ሳያማክር አይጀምረው።