የመኪና ቻርጀር ሲያዘገም፣ ሲቆራረጥ፣ ሲግል

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገባ ስልኩ የጨመረው 2 ፐርሰንት ብቻ ነው። ቻርጀሩን ይዞልኝ መጣ። «ወንድምዬ፣ ይሄ ነገር ኃይል አይገፋም» አለኝ።

ቻርጀር ከረንት (በሽቦው የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ) አይገፋም። 5 ቮልት ይዞ ይጠብቃል። የሚስበው ስልኩ ነው። የቻርጀሩ ሌላ ሥራ ስልኩ ከልክ በላይ ሲስብ ማገድ ነው።

ቀስ ብሎ ከሞላ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቱ ይወርዳል፤ ስልኩም መሳቡን ይቀንሳል። የሹፌሩም ችግር ይኸው ነበር። አጭርና ወፈር ያለ ኬብል ገዛ፣ አለቀ።

ጭራሽ ካልሠራ የመኪናው ሶኬት ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ፈትታችሁ ፊውዙ (ከረንት ሲበዛ ተቃጥሎ የሚያቋርጠው) ተቃጥሎ እንደሆነ እዩ።

እየሞላ ከተቆራረጠ ግን ወደ ውስጥ እንግባ። ብዙዎቹ ርካሽ ቻርጀሮች ውስጥ 34063 የሚባል ባለ 8 እግር አይሲ፣ ማለትም ቮልቱን የሚቆጣጠር ቺፕ አለ። በ6ኛውና በ7ኛው እግር መካከል ትንሽ ሬዚስተር (ከረንት የሚቋቋም ዕቃ) ታገኛላችሁ። በእሷ ላይ ያለው ቮልት 0.3 ሲደርስ አይሲው ያቋርጣል። ሬዚስተሯ 0.33 ኦም ከሆነች የከረንቱ ጣሪያ 0.9 አምፒር ገደማ ነው። አይሲው ከረንቱን እያበራ እያጠፋ በምት በምት ስለሚያሳልፍና ይህ ጣሪያ የእያንዳንዱ ምት ከፍተኛው ጫፍ ስለሆነ ወደ ስልኩ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል። አይሲው ራሱ ከ1.5 አምፒር በላይ አይችልም። እንዲህ ያለ ቻርጀር ላይ 2.1 አምፒር ተብሎ ቢጻፍ አትመኑ። ስልኩ ብዙ ሲጠይቅ ቮልቱ ይወድቃል፣ ስልኩ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። መፍትሄው አቅም ያለው ቻርጀር መግዛት ነው።

ሬዚስተሯን በሽቦ መተካት ግን በፍጹም! ደሴ ውስጥ አንድ የባጃጅ ልጅ በጣም የሚግል ቻርጀር አመጣልኝ። ስከፍተው በሬዚስተሯ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተበይዷል። ጣሪያ የለውማ። አይሲው ተቃጥሎ ውስጡ ሾርት ሆኗል፤ የባትሪው ቮልት ሳይቀነስ በቀጥታ ያልፋል። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ መውጫው ላይ 12.4 ቮልት ለካሁ። ስልኩን ሰክቶት ቢሆን ኖሮ አልቆለት ነበር።

ስለዚህ ተፈትቶ የተነካካ ቻርጀር ላይ ስልክ ከመሰካታችሁ በፊት ሞተር አስነስታችሁ መውጫውን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ከሆነ ደህና ነው። ካለፈ ጣሉት።

የኢሱዙ ሹፌሮች ደግሞ መኪናችሁ ባለ 24 ቮልት ከሆነ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 28 ይጠጋል። አይሲው እስከ 40 ይችላል። መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር (ቮልቱን የሚያረጋጋው ዕቃ) 25 ቮልት ከተጻፈበት ግን ያብጣል፤ 35 ወይም 50 የተጻፈበት ይቀየርለት።